በሁለት ፎቶ መሀል የቀረችው

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ። "ጆሮዎ ይታይ... ቀና ይበሉ... አይሳቁ።" አንዱ ጎረምሳ "ካልሳቅኩ እናቴም አታውቀኝ" አለኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ ሳቀ፣ ፎቶው ተበላሸ። ጋሼ ከውስጥ ሆኖ፣ "እዚያ ሠርግ ነው እንዴ?" ባለፎቶ ቤቱን ጋሼ ነው የምለው። ይኸን ሁሉ ዘመን አብሬው ስሠራ ሳቄን አልለመደውም።

ከሰዓት ግን ደስ የሚል ሥራ መጣ! የድሮው የክር ፋብሪካ ሊፈርስ ነው። የጡረተኞቹ ማኅበር ሊቀመንበር ራሳቸው መጡ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ የዚያን ዘመን ሴት ሠራተኞች በሙሉ በተርታ ተስለዋል አሉ። ከመፍረሱ በፊት ተነሥቶ፣ በትልቁ ታትሞ፣ መሰብሰቢያቸው ውስጥ ይሰቀል።

ጋሼ ወገቡን ይዞ አየኝ። "አንቺ ትሄጃለሽ።"

እኔ! ብቻዬን! ቤት እስክደርስ ለስንቱ እንዳወራሁት... ለአትክልት ሻጯ ሳይቀር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ጋሼ አስተማረኝ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ወደ ኋላ ሸሽቶ ግድግዳውን ባንዴ ማንሣት አይቻልም። እየቆራረጡ ማንሣት ነው፤ ኮምፒውተሩ ያገጣጥመዋል።

"ዋናው ነገር" አለኝ፣ "እያንዳንዱ ፎቶ የፊተኛውን ሲሶ መድገም አለበት። የተደገመው ነው ማያያዣው።"

"ኧረ ጋሼ፣ የተነሣውን እንደገና ማንሣት ብክነት አይደለም?"

"ስትሰፊ ጨርቁን ሳትደርቢ ትሰፊያለሽ?"

ገባኝ። ለልምምድ ካሜራውን ይዤ ቤት ሄድኩና አልጋ ልብሳችንን አነሣሁት። ባለቤቴ ከፈረቃ ገብቶ (አውቶቡስ ነው የሚነዳው) አልጋው ላይ ተጋድሟል። "አትነቃነቅ" ብዬው ነበር። መች ይሰማል! ሱቅ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ሲያገጣጥመው ሦስት እግር ያለው ባል ወጣልኝ። ከሱቅ እስከ ቤት እየሳቅኩ መጣሁ። አሳየሁት።

"ለዚህ ነዋ ካልሲ የማይበቃኝ" አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

እትዬ ቋጠሮ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ከኛ ሦስተኛው በር ናቸው። ፋብሪካው ውስጥ የተበጠሰ ክር እንደሳቸው ቶሎ የሚቋጥር ስላልነበረ ነው ስሙ የወጣላቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ማን ያውቃል? ፖስተኛው ብቻ።

"ግድግዳውን የምታነሺው አንቺ ነሽ አሉ። እኔ እኮ አለሁበት።"

"አውቃለሁ እትዬ።" ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሲናገሩት ኖረዋል። እዚያ ግድግዳ ላይ ቁም ሣጥን ከተደረደረበት ስንት ዘመኑ! ያየው የለም። ማኅበርተኞቻቸውማ "የቋጠሮ ሥዕል" እያሉ ይቀልዱበታል። የሌለ ነገር ሁሉ "የቋጠሮ ሥዕል" ነው።

"በዘፋኟና በሳቂታዋ መሀል ነኝ። ሌሎቹ እጃቸውን ማሽኑ ላይ አድርገዋል። እኔ ብቻ ክር ይዣለሁ፣ ስቋጥር። ሠዓሊው 'አንቺስ ዝም ብለሽ መቆም አትችይም' ብሎ እንዲያው ሣለኝ።" ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና፣ "ሌላ ፎቶ የለኝም ልጄ። የወጣትነቴ እሱ ብቻ ነው። አደራ።"

"ምን አሳሰበዎት! ከማንም አስበልጬ ነው የማነሣዎት" አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ተነሣ!

ቁም ሣጥኖቹን አውጥተውልኝ ነበር። ግድግዳው... ወይ ሲያምር! ሁሉም ሰማያዊ ጋውን፣ ሁሉም ነጭ ሻሽ፣ ከኋላቸው አንድ ዓይነት ማሽን። ሠዓሊው ፊት ላይ ብዙም አይሆንለትም መሰለኝ፣ ሁሉም እህትማማች ይመስላሉ። የካሜራዬ እግር የት የት እንደሚቆም ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሸጋገርኩ አነሣሁ።

የፋብሪካው ጥበቃ ወንበር ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ብቻውን የኖረ ሰው፣ ጨዋታ ናፍቆታል። የእህቴ ልጅ ባል ለሠርጉ ዕለት ሁለቱንም የግራ እግር ጫማ ይዞ የመጣበትን ነገርኩት። እሱ ሆዱን ይዞ፣ እኔ ዕንባዬን እየጠረግሁ... "የት ደርሼ ነበር? አዎ፣ እዚህ" እያልኩ ጨረስኩ። ሥራ እንዲህ ከሆነ ማን ይደክማል?

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበ... ከዚያ ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርጋ አለልኝ! አንድ ስፌት አይታይም። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ፣ ወልውሎ፣ መልሶ አድርጎ አየው። "ጎሽ" አለ። ከጋሼ አፍ "ጎሽ" ሲወጣ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ዘፋኟን አየኋት፣ አፏን ከፍታለች። ሳቂታዋንም፣ በፍንጭቷ። የቀሩትን... ሁሉም አምረዋል በቃ። ማተሚያ ቤት ላክነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

በአውቶቡስ ሳልፍ አየሁት። ፋብሪካው ፈርሷል። ኮሪደሩ የነበረበት ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለባቸው ስብርባሪ ብሎኬቶች። ደግነቱ እኔ አለሁ፣ አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ልጻፈው።

የማኅበሩ አዳራሽ ሞልቷል። አዲሱን ቀሚሴን ለብሻለሁ። መጋረጃው ሲገለጥ ጭብጨባ! ሊቀመንበሯ አቅፈው ሳሙኝ። መካኒክ የነበሩት ሽማግሌ "ማሽኑ ሳይቀር ዘይት ዘይት ሸተተኝ" አሉ። እኔ እንደሆንኩ ምስጋና ሲበዛብኝ ከመሬት ከፍ እላለሁ... ከፍ አልኩ።

እትዬ ቋጠሮ ከጫፍ ጀመሩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀስ እያሉ። "ይቺ የኛ ዘፋኝ... ይቺ ሳቂታዋ..." ቆሙ። ተመለሱ። ዘፋኟ። ሳቂታዋ። ዘፋኟ። ሳቂታዋ።

"እኔ የለሁም።"

ሊቀመንበሯ፣ "ድሮስ የት ነበርሽ? ሠዓሊው የመጣ ለት ቀርተሻል እያልኩሽ!"

መካኒኩ፣ "ከማሽኑ ኋላ ተጎንብሳ ክር እየቋጠረች ይሆናላ!"

ሳቅ በሳቅ። እትዬ ዞር ብለው እኔን ፈለጉ። "ልጄ፣ አንቺ ነሽ ያነሣሽው። እዚህ መሀላቸው ነበርኩ። እጄ ክር ይዞ። አላየሽኝም?"

ሰው ሁሉ አየኝ። አላየኋቸውም፣ እውነት ነው። ፈልጌያቸው ነበር? አልፈለግኋቸውም። "ቆይ፣ ልመልከተው" ማለት ምን ያቅት ነበር? ጥሩ ነገር ተናግሬ ደግሞ እንዲጨበጨብልኝ አማረኝ።

"እትዬ፣ ሰው ይረሳል እንጂ ካሜራ አይዋሽም" አልኩ።

አጨበጨቡ።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። አጠፉት። ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። "እሺ ልጄ" አሉኝና ወጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 23

በራቸው ዝግ ነው። ማለዳ በሩ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሳይሞቁ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። ሁለቴ በዚያ አለፍኩ። ለምን አላንኳኳሁም? ምን ልል?

ለባለቤቴ ነገርኩት። "ምላስሽ ፍሬን የለውም" አለኝ፣ እንደ ቀልድ። እኔ ዝም ስል ደነገጠ። "ምነው፣ ታመሻል?"

ያ ሦስት እግር ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው። ካሜራ አይዋሽም? ባሌን ሦስት እግር አላወጣለትም?

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ጋሼ ሳይገባ ሱቅ ገባሁ። የተገጣጠመውን ሳይሆን መጀመሪያ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፈትኩ።

አሉ።

ዘፋኟ ያለችበት ፎቶ ጠርዝ ላይ፣ ግማሽ ሴት። አንድ ዓይን፣ ግማሽ ግንባር፣ የክር ጫፍ የያዘ እጅ። የሚቀጥለው ፎቶ መነሻ ላይ ሌላው እጅ፣ ሌላውን የክር ጫፍ ይዞ፣ ከሱ በላይ ጆሮና የሻሹ ጠርዝ። መሀሉ የለም። አንድ ጋት የምታህል። አንዱ ዓይናቸው፣ አፍንጫቸው፣ አፋቸው፣ ቋጠሮው... የለም።

አንዱን ፕላስተር ዘልዬዋለሁ። የግራ እግር ጫማውን ሳወራ፣ "የት ደርሼ ነበር?" ስል። ሲሶ መድገም ቀርቶ ክፍተት ትቻለሁ። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? የሚደገም ሲፈልግ ግማሽ ሴት አገኘ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ ጋውን፣ ሌላ ነጭ ሻሽ፣ ሳቂታዋን። አንድ ሰው ናቸው ብሎ አንዷን በአንዷ ላይ ደረበ። እትዬ ቋጠሮ ከታች ቀሩ።

ግድግዳው ፈርሷል። ሄዶ የሚታይ የለም።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ኋላ ክፍል ገብቼ አፌን በመዳፌ ይዤ ቆምኩ። ይኸን አፍ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ደንበኛ "ምነው፣ ዛሬ ሥራ አልገባሽም ብዬ ነበር፣ ድምፅሽ ሲጠፋ" አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ለጋሼ አሳየሁት። ጭንቅላቱን አከከ።

"በይ ሙዪው። ዓይኑን ከዘፋኟ፣ አፉን ከአንዷ ውሰጂ። ሁሉም እህትማማች ናቸው ብለሽ የለ? እንደገና እናትመዋለን። 'ማሽኑ ተሳስቶ ነው' በያቸው፣ ያልቃል።"

"ማሽኑ አይደለም እኮ ጋሼ።"

"ታዲያ ሱቁን ልታሰድቢው ነው?"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሏል ይህ ነው። ተቀመጥኩና ሞላሁት። ዓይን ከዘፋኟ፣ አፍና አገጭ ከአምስተኛዋ። ገጠመ። አማረ እንዲያውም፤ ከጎኗ ካሉት ይልቅ አማረች። ጋሼ ከኋላዬ "ይኸው!" አለ።

ክሩ ላይ ስደርስ ግን... ቋጠሮውን ከየት ላምጣ? ሌላ ማንም ክር አልያዘም። ሁለቱን ጫፎች በቀጭን መስመር አገናኘኋቸው። ቀጥ ያለ ክር። ያልተበጠሰ፣ ያልተቋጠረ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ከፍቼ አየኋት። ማን ናት? እትዬን ሁለተኛ ጊዜ ላጠፋቸው ነበር፣ አሁን ደግሞ በገዛ እጄ፣ ሳላወራ፣ ተጠንቅቄ።

ደመሰስኩት። ሁለቱን ግማሾች ብቻ አተምኩ። ጋሼ አየኝ። ወረቀቱን እሱ ነው የቆረጠልኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 30

አንኳኳሁ።

"ክፍት ነው" አሉ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። "ነይ ግቢ" አላሉኝም፤ "ለምን መጣሽ"ም አላሉ። አፌ ደረቀ። እኔ! ለአትክልት ሻጯ ሳይቀር የማወራዋ! ወረቀቶቹን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ።

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ።

"እጄ" አሉ።

"አዎ እትዬ።"

"ይኸው እጄ! ይቺ ጣቴ... ማሽን ነክሷት ጥፍሯ እንዲህ የተጣመመው።" ጣታቸውን ከሥዕሉ ጎን አደረጉ። ያው ጥፍር። እኔ ያንን ጥፍር በትልቁ ከፍቼ አይቼው፣ ጥፍሩን አላየሁትም ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥበቃውን፣ ጫማውን፣ የዘለልኩትን፣ የሞላሁትን፣ የደመሰስኩትን። ማልቀስ ጀመርኩ።

"ለቅሶሽን አቆዪው" አሉኝ። "አንድ ነገር ልንገርሽ። እነዚያ ሲስቁብኝ ኖረዋል፣ ለምጄዋለሁ። አንቺ 'ካሜራ አይዋሽም' ስትይ ግን ራሴን ተጠራጠርኩ። ቤቴ ገብቼ፣ ያ ካልነበረ ሌላውስ? አልኩ። የማስታውሰው ሁሉ... ባሌስ እኔ እንደማስታውሰው ነበር? ስንት ቀን እንዲህ ስል ከረምኩ። መቀመጥ አቃተኝ።"

"ይቅርታ" ማለት አነሰብኝ። ብዬዋለሁ ግን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

"ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አሁን አውቄዋለሁ። ሰው ፊት ነው የጣልሽኝ። ሰው ፊት አንሺኝ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ስትል እናቴ፣ ሰምቼ ሰምቼ የተረት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

ጋሼ እንደገና አሳተመው። እትዬን ከነግማሻቸው ቦታቸው መልሼ፣ መሀሉን ነጭ ትቼ። "ሱቁ ይሰደብ እንግዲህ" አለ። "ከሰደቡት እኔ አለሁ አልልሽም ግን።"

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ሌሊቱን "እንዲህ እላለሁ፣ እንዲህ እላለሁ" ስል አድሬ፣ እዚያ ስቆም አንዱም አልመጣልኝም።

አዲሱ ምስል ተሰቅሏል። ሰው መሀል ላይ ያለውን ነጭ እያየ ያጉረመርማል።

መካኒኩ፣ "ምንድነው ይኼ? ቀለም አለቀባችሁ?"

"እኔ ያላየሁት ነው" አልኩ።

ከዚያ ቀጠልኩ። ግድግዳውን ሳነሣ ሳወራ እንደነበረ፣ እንደዘለልኩ፣ ሳላይ እንዳየ ሰው እንደተናገርኩ። "እትዬ ቋጠሮ ነበሩ። የሚሉት ቦታ ላይ፣ የሚሉትን ይዘው። ካሜራው አይደለም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት።" ማንም አላጨበጨበም። ደግ አደረጉ።

ፊቴ ይነድ ነበር። እስካሁን ይነዳል። አንዲት ሴት ከጎኗ ላለችው፣ "ስትለፈልፍ ነው አሉ እኮ" ስትል ሰማሁ። አልዋሸችም።

ሊቀመንበሯ ተነሥተው ወደ ምስሉ ተጠጉ። እጁን አዩ። ጥፍሩን አዩ። "ይቺማ እሷ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ሥዕል ላይ እንኳ ሥራ የማትለቅ ሌላ ማን አለ?" ከዚያ ዞረው፣ "አንቺ፣ ስንት ዘመን ነገርሽን... እኛ..." አልጨረሱትም።

መካኒኩ ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘው፣ "የቋጠሮ ሥዕል እንግዲህ ተገኘ" አሉ። ሳቅ ሆነ። የዛሬው ግን እትዬም የሳቁበት ነው።

እትዬ ነጩ ፊት ቆመው ነበር። መዳፋቸውን ለኩበት። ልክ።

"ግድግዳው ነው የፈረሰው" አሉ። "እኔ መች ፈረስኩ? ነይ አንቺ ለፍላፊ። መሀሉ ይኸው ቆሞልሻል፣ አንሺው።"

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

እትዬ መጡ። ሰማያዊ ጋውን ለብሰው! ሊቀመንበሯ ይኸን ሁሉ ዘመን ሣጥን ውስጥ ያኖሩትን የራሳቸውን አውሰዋቸው ነው። ሰፍቷቸዋል። ነጩን ሻሽ ጋሼ ከመስኮቱ መጋረጃ ሊቆርጥ ሲል ለጥቂት አስጣልኩት።

በሥዕሉ ልክ አቆምኳቸው። ክር ያዙ። ካሜራውን አስተካከልኩ።

"ምነው ዝም አልሽ? ያን የጫማውን ለኔ አታወሪልኝም?"

"ስጨርስ እትዬ። ሳነሣ አላወራም።"

አነሣሁ።

"አለቀ? አንዴ ይበቃል አይደል?"

"አይበቃም። ትንሽ ወዲህ ይበሉ... እንደገና... አሁንም እንደገና።"

"ኧረ ልጄ፣ እጄ ዛለ!"

"ይቅርታ እትዬ። አንድ ብቻ።"

ኮምፒውተሩ አላገጣጥም አለ። የሚደገም የለም፤ ግራና ቀኙ የወጣት እጅ፣ መሀሉ የአሮጊት። ፊቱም እንደዚያው፤ የወጣት ዓይን፣ ቀጥሎ የተሸበሸበ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ፣ ቀጥሎ የወጣት ጆሮ። እኔው በእጄ አስጠጋሁት። ክሩ ከወጣቷ እጅ ወጥቶ፣ አሮጊቷ ጣት ላይ ተቋጥሮ፣ ወደ ወጣቷ ተመለሰ። ትንሽ ዝቅ ብሏል። ቀለሙም አንድ አይደለም።

ማለስለስ እችል ነበር። ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር።

ጋሼ ከኋላዬ አጎንብሶ አየ። "መገጣጠሚያው ይታያል እኮ" አለ።

"ይታይ" አልኩት።